የእነ ጋሽ ሰይድና የእኛ ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት፣ ሮተርዳም ውስጥ ከሥራ ወጥቼ ወደ ትራም ፌርማታ ስሄድ፣ አንድ አሮጌ ቤት የሚያድሱ ሰዎች የጭስ ማውጫውን አፍርሰው ጡቡን ብረት ገንዳ ውስጥ ሲጥሉ ደረስኩና፣ ለብዙ ዓመታት ታፍኖ የኖረ የጥቀርሻ ሽታ ከእርጥብ ኖራ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሞላው። እግሬ አልሄድ አለኝ። አንዱ ትራም መጥቶ ሄደ፣ ሁለተኛውም ሄደ፣ እኔ ግን ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ እንደቆምኩ ቀረሁ። ያን ሽታ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እናቴን ያጣሁበት ዓመት ሽታ ነው፣ ስለዚያ ዓመት ደግሞ ለማንም ሳልናገር ያሳደግኩት አንድ ነገር ነበረኝ።

ያኔ የምንኖረው ቭላርዲንገን ነበር፣ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በተሰለፉ የቀይ ጡብ ቤቶች መሃል። በእኛና በጎረቤቶቻችን መካከል የነበረው ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚህ በኩል የእኛ፣ ከዚያ በኩል የእነሱ፣ የትኛው ጡብ የማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከስስነቱ የተነሳ ጋሽ ሰይድ በዚያ በኩል ሲያስነጥሱ እናቴ በዚህ በኩል «ይማርህ!» ትል ነበር፣ እሳቸውም ሳይዘገዩ «ያኑርሽ አስቱ!» ብለው ይመልሱላት ነበር።

ጋሽ ሰይድና ባለቤታቸው እትዬ ከድጃ የወሎ ሰዎች፣ ሙስሊሞች ነበሩ፤ እኛ ደግሞ የአዲስ አበባ ክርስቲያኖች። አባቴ ተስፋዬና ጋሽ ሰይድ እዚህ አገር እንደገቡ በስደተኞች መጠለያ አንድ ክፍል ተካፍለው ኖረዋል፣ ኋላም ወደቡ አካባቢ ባለ መጋዘን አብረው ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ ከርመዋል። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ቤት ሊሸጥ መሆኑን ጋሽ ሰይድ ሲሰሙ፣ ማስታወቂያው ገና ሳይለጠፍ ለአባቴ ደውለው «ተስፍሽ፣ ቶሎ ና፣ ጎረቤቴን ራሴ ልምረጥ» አሉት ይባላል። ልጃቸው ሀያት እኩያዬ ነበረች፣ አንድ ክፍል እንማር ነበር። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት እኔ እነሱ ዘንድ እቀመጣለሁ፣ በፋሲካ ደግሞ እናቴ ሥጋ ያልነካውን ድስት ለይታ ለእነሱ ትሠራ ነበር። እዚህ ያደግን ልጆች ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ስንል፣ እናቴ እኔን ተቆጥታ ጋሽ ሰይድን «እርስዎ» ማለት አስለምዳኝ ነበር። እትዬ ከድጃ ግን «እኔን አንቱ እንዳትይኝ፣ ሳላረጅ ታስረጂኛለሽ» ስላለችኝ «አንቺ» ሆና ቀረች።

እናቴ አስቴር የያዛት የነርቭ በሽታ ነበር። በአንድ ጊዜ አልጣላትም፤ በየበጋው አንድ ነገር እየወሰደባት ይሄድ ነበር። በአንዱ በጋ የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፣ በሚቀጥለው ብስክሌቷን ለሰው ሰጠች፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ በጋ ደግሞ ደረጃውን ወሰደባት። የዚህ አገር የድሮ ቤቶች ደረጃ እንደ መሰላል የቆመ ነው፣ መኝታዋም መታጠቢያችንም ያለው ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው ላይ የሚንሸራተት ወንበር ሊገጥም የመጣው ሰው ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከዚያ «ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ላይ አያልፍም» ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ የእናቴ አልጋ ሳሎን ውስጥ፣ መንገዱን በሚያሳየው መስኮት ሥር ተዘረጋ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ሥራ ይገባ ስለነበር፣ እትዬ ከድጃ በቤት ጫማዋ እንዳለች ለብ ያለ ውሃ በባልዲ ይዛ በጓሮ በር ትገባና፣ እናቴን አልጋው ጫፍ ላይ አስደግፋ ጸጉሯን ታጥብላት፣ ከዚያም ትሠራላት ነበር። የእናቴ ጸጉር ብዙና ረጅም ነበር። «ከዲጅዬ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ጸጉር እኮ ነው የያዝሽው፣ ገመድ አይደለም!» ስትል፣ እትዬ ከድጃም «ገመድ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ገመድ አይነጫነጭም» እያለች፣ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ይስቁ ነበር። እኔ ፎጣውን ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ። እናቴ በሳምንቱ ውስጥ ከልቧ የምትስቀው በዚያ ሰዓት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በዚያው በጋ ማብቂያ ላይ ቆረጠ። ከቤቱ ጀርባ፣ ጓሮው ላይ፣ አንድ ክፍል እጨምራለሁ አለ፤ የእናቴ አልጋ የሚገባበት፣ መታጠቢያ ያለው፣ ደፍ የሌለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር እስከ አበባዎቿ ድረስ የሚያስወጣ ክፍል። ንድፉን የሠራው ሰው፣ አዲሱ ግድግዳ ልክ በሁለቱ ቤቶች ድንበር ላይ ስለሚያርፍ የጎረቤት ስምምነት በጽሑፍ ያስፈልጋል አለን። አባቴ ወደ ጋሽ ሰይድ ጓሮ ተሻግሮ፣ በእጁ እያሳየ፣ «ክፍሉ እስከዚህ ይመጣል፣ ሰይዶ። የማዕድ ቤታችሁን ብርሃን ትንሽ ይወስድባችኋል» ሲላቸው አጥሩ ሥር ሆኜ እሰማ ነበር። ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው ፀሐይዋ ያለችበትን አዩና «ወላሂ ተስፍሽ፣ አስቴር ገላዋን በክብር ትታጠብ እንጂ፣ እኔ መብራት አበራለሁ» አሉት።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ወረቀቱ መጣ። ሁለት ገጽ ነበር፣ ሦስት አንቀጽ፣ በመጨረሻው ላይ ለሁለት ሰው የፊርማ ቦታ። ጋሽ ሰይድ ሆላንድኛን ለሥራ ያህል ነበር የሚያውቁት፣ የዕቃ ቁጥርና ሰላምታ ያህል፤ ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብላቸው ሀያት ነበረች። በእኛ ሰፈር ያሉ የሀበሻ ቤቶች ሁሉ እንደዚያ ነበሩ፤ የሐኪም ወረቀትም የትምህርት ቤት ወረቀትም በልጆች አፍ ያልፍ ነበር፣ እኛም በዚህ እንኮራ ነበር። በዚያ ቀን ግን ሀያት የዋና ትምህርት ላይ ነበረች። አባቴ ጓሮ ውስጥ ከግንበኛው ጋር እየተነጋገረ ስለነበር፣ በበሩ ብቅ ብሎ «ማርቲ፣ ለጋሼ አንብቢላቸውና ይፈርሙ» ብሎኝ ተመለሰ።

ሊፈርሙ ከመጡት ከጋሽ ሰይድ ጋር እኛ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ወደ ሳሎኑ የሚያስገባው በር ክፍት ነበር፣ እናቴ ከአልጋዋ ላይ ትታየኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ብቻዋን ለመቆም ሞክራ ወድቃ ስለነበር ጉንጯ ላይ ያለው ሰንበር ገና አልጠፋም። የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበብኩላቸው፤ አዲሱ ክፍል በድንበሩ ላይ እንደሚሠራ ይላል። ሁለተኛውን አነበብኩላቸው፤ ሠራተኞች በእነሱ ጓሮ በኩል ማለፍ እንዲችሉ ይላል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ አንድ የማላውቀው ቃል ገጠመኝ። «ሮክካናል» ይላል። «ሮክ» ጭስ እንደሆነ አውቃለሁ፣ «ካናል» ደግሞ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ነው፤ የጭስ ቦይ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ከፊቱ ያለውን «የጋራ» የሚለውን ቃል ግን አውቀዋለሁ፣ ከኋላው ያለውን «ማፍረስ» የሚለውንም አውቀዋለሁ። የጋራ የሆነ አንድ ነገር ሊፈርስ መሆኑ ገብቶኛል።

«ይህቺን ቃል አላውቃትም፣ ሀያት ትምጣ» ማለት እችል ነበር። አባቴን ከጓሮ መጥራት እችል ነበር። እኔ ግን፣ ጋሽ ሰይድ «ማፍረስ» የሚለውን ሲሰሙ «እስቲ ልይበት» ብለው ወረቀቱን ይዘው ቢሄዱስ፣ ክፍሉ ሳይሠራ ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ፣ አላውቅም ማለትም አፈርኩ። ወደ እናቴ ጉንጭ አየሁና «ሦስተኛው ያው ነው ጋሼ፣ ሥራው በጥንቃቄ ይሠራል ነው የሚለው» አልኳቸው።

«በቃ?»

«በቃ።»

«አንቺ ካነበብሽው እኔ አነበብኩት ማለት አይደል» ብለው፣ እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ በአረብኛ ፊደል ስማቸውን ፈረሙ። እናቴ ከአልጋዋ ላይ «ሰይድ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ስትላቸው፣ «ተይ እንጂ አስቱ፣ ምን አደረግኩና» እያሉ ወጡ።

ሥራው የተጀመረው በብርዱ ወራት ነበር። የቤታችን የኋላ ግድግዳ ወርዶ በምትኩ ወፍራም ላስቲክ ተሰቀለ፣ ግንበኛው በሁለት ወር እጨርሳለሁ ስላለ ሁላችንም ኮት ደርበን፣ በደስታ ነበር የምንንቀጠቀጠው። እናቴ የመጋረጃውን ቀለም እንኳ መርጣ ነበር። ያን ጊዜ የማናውቀው ነገር፣ እኔና ጋሽ ሰይድ ማለቴ ነው፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል፣ ግድግዳው ውስጥ ተደፍነው ከምድር እስከ ጣሪያ የሚወጡ፣ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት አሮጌ የጭስ ማውጫዎች መኖራቸውን ነው፤ አንደኛው በእኛ በኩል፣ አንደኛው በእነሱ በኩል፣ አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም። ተሽከርካሪ ወንበሩ እንዲያልፍ የእኛው መፍረስ ነበረበት። ሦስተኛው አንቀጽ የሚለው ይህንን ነበር፤ ጎረቤት በእሱ በኩል ያለውን ክፍል ባዶ እንዲያደርግና ድጋፍ እንዲቆምለት እንዲፈቅድ ይጠይቅ ነበር። ግንበኛው ጎረቤት ተስማምቷል ተብሎ ስለተነገረው፣ በዚያ በኩል ያለውን ሳያይ፣ ድጋፍም ሳያቆም አፈረሰው።

እኔና ሀያት ከትምህርት ቤት በብስክሌት ስንመለስ እትዬ ከድጃ በነጠላ ጫማ መንገዱ መሃል ቆማ ነበር። ፊቷና ሻሿ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ሀያትን እንዳየች ከብስክሌቷ ላይ ጎትታ አወረደቻትና ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን መዳበስ ጀመረች፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት እንደነበረች እያወቀች፣ እየደጋገመች ትዳብሳት ነበር። በእነሱ በኩል ያለው ጭስ ማውጫ ፎቅ ላይ፣ በሀያት ክፍል ውስጥ ተደርምሶ ነበር። ተከትያቸው ወጣሁ። ክፍሉን ያ የጥቀርሻና የኖራ ሽታ ሞልቶት ነበር። አልጋው ላይ ጡብ ተከምሯል፤ ሁለቱ ያረፉት ትራሷ ላይ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከሥራ መጥተው ክፍሉን አይተው ሲወርዱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ተነስተው ወደ እኛ ቤት መጡ። አባቴ ገና ሲያያቸው «ሰይዶ፣ ይቅር በለኝ፣ ሁሉንም እናስተካክላለን» አለ። እሳቸውም በዝግታ «የጋራችንን ነገር ሳትነግረኝ እንዴት ታፈርሳለህ፣ ተስፋዬ?» አሉት። «ተስፍሽ» አላሉትም።

«እንዴት ሳልነግርህ! ወረቀቱ ላይ አለ እኮ፣ ፈርመሃል» አለና አባቴ ወረቀቱን አምጥቶ ሦስተኛውን አንቀጽ በጣቱ አሳያቸው። ጋሽ ሰይድ ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። «ይሄ አልተነበበልኝም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አልጮኹም፣ አልተቆጡም፤ እስከ ዛሬ የሚያመኝ እሱ ነው። «ማርቲ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ነበረበት? አንብበሽልኛል?»

ሁሉም አዩኝ። አባቴ፣ በሩ ላይ በጥቀርሻዋ የቆመችው እትዬ ከድጃ፣ ከኋላዋ ሀያት፣ ከአልጋዋ ቀና ያለችው እናቴ። የሀያት ትራስ ዓይኔ ላይ ነበር። አላነበብኩም ብል፣ እነዚያን ጡቦች ትራሷ ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ሆኜ ታየኝ።

«አንብቤልዎታለሁ» አልኩ።

እትዬ ከድጃ ወደ ባለቤቷ ዞራ «ሰይድ?» አለች፣ የምትጠይቅ ሳይሆን የምትለምን ይመስል ነበር። እሳቸው እኔን አዩኝ፣ ወረቀቱን አዩት፣ መልሰው እኔን አዩኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ለአባቴ ሰጡትና «እንዲያ ከሆነ እሺ» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ግንበኛው ሊቀጥል ሲመጣ፣ ጋሽ ሰይድ ግድግዳውን መሐንዲስ ሳያየው አንዲት ጡብ እንዳትነካ አሉት። እሱ ደግሞ ፊርማቸውን ጠቅሶ ሥራውን ቀጠለ። እሳቸውም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዱ፤ ሰዎች መጥተው፣ የግድግዳውን ስንጥቅ አይተው፣ ሥራው እንዲቆም የሚያዝ ወረቀት በራችን ላይ ለጠፉ። ዛሬ ሳስበው ትክክል ነበሩ፣ ግድግዳው በእርግጥ አደገኛ ነበር። አባቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ «ፈርሞ የካደኝ» ሲል እንጂ ስማቸውን ሲጠራ አልሰማሁም።

መሐንዲስ እስኪመደብ፣ ጥገናው እስኪወሰን፣ ቤታችን ከኋላው ክፍት ሆኖ ብርዱ ከረመ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ላስቲኩ ይርገበገብ ነበር፣ አባቴ በማሞቂያ ላይ ማሞቂያ ቢጨምርም ሳሎኑ አልሞቅ አለ፣ እናቴ በሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የትንፋሿ ጭጋግ ይታየኝ ነበር። እትዬ ከድጃ መምጣት አቆመች። በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቴ ሻሿን ፈትታ ጠበቀች። በሁለተኛውም ጠበቀች። ከግድግዳው ማዶ የከድጃ ድምፅ ሲሰማ ራሷን ወደዚያ ታዘነብልና «ዛሬም አልመጣችም?» ትለኝ ነበር፣ ድምፅዋን እየሰማች። ልጠራት ተነስቼ እስከ ጓሮው በር ሄጄ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። እኔ ጸጉሯን ላጥብ ሞክሬ፣ ውሃው በአንገቷ ወርዶ አበረዳት። በኋላ ጠዋት ጠዋት ከምትመጣው የቤት ለቤት ተንከባካቢ ጋር ተስማምተው ጸጉሯ አጭር ተቆረጠ። ደግ ሴት ነበረች፣ ይቅርታ እየጠየቀች ነበር የቆረጠችው። እናቴ መስታወት እንኳ አልጠየቀችም።

ብርዱ ሊወጣ ሲል ሳል ጀመራት፣ ሳሉም ወደ ደረቷ ወረደ። ሐኪሞቹ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መቆየት የለባትም ብለው ሮተርዳም ውስጥ ባለ የሕሙማን መኖሪያ አስገቧት። ቤቱ ሲስተካከል ትመለሳለች ተብሎ ነበር የሄደችው፣ ልብሶቿን ግማሹን ብቻ ይዘን።

በጸደይ ሽማግሌዎች መጡ፤ ሁለቱ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ጋሽ ሰይድ ከሚሰግዱበት መስጊድ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ «ሰይድ ለዕርቅ ዝግጁ ነው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ያቀረበውንም አቤቱታ ትቷል። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳያውቅ ነው የፈረመው በሉልኝ ነው የሚለው» ሲሉት፣ አባቴ «ሰይድ አላወቀም ካልኩ፣ ልጄን ውሸታም አልኩ ማለት ነው። ልጄን ውሸታም ልበልላችሁ?» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ መረቁን፣ ሄዱ። አባቴ ወደ ላይ ሲወጣ አየኝና ራሴን ዳበሰኝ። የዚያን ቀን እጁ የከበደኝን ያህል ምንም ከብዶኝ አያውቅም።

በጋ ሲመጣ በየእሑዱ በባቡር ወደ እናቴ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ያለ ምንም መነሻ «ሰይድ ውሸት አያውቅም» አለችኝ። ቀጥላም «አባትሽም አያውቅም» አለች። አልጠየቀችኝም፣ አላየችኝምም፤ ዓይኗን ዛፎቹ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ውሃ ላምጣልሽ?» አልኳትና ተነሳሁ። ስመለስ ስለ ትምህርት ቤቴ ጠየቀችኝ።

መኸር ላይ ሳንባዋን ዳግመኛ ያዛት፣ አልተነሳችም። ከቀብሩ በፊት አስከሬኗ ለስንብት በተቀመጠበት ክፍል ሰዉ ተራ በተራ ሲገባ፣ ጋሽ ሰይድና እትዬ ከድጃም መጡ። እትዬ ከድጃ ሳጥኑ ጋ ደርሳ ጎንበስ ስትል «አስቱዬ፣ ጸጉርሽን! ጸጉርሽን ምን አደረጉሽ!» ብላ ጮኸችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሰይድ ለአባቴ እጃቸውን ዘረጉ፣ አባቴም ያዘው፣ ቃል ግን አልተለዋወጡም። ለእኔ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ክፍሉ በሚቀጥለው ዓመት ተሠርቶ አለቀ። ደፍ አልነበረውም፣ መታጠቢያው ሰፊ ነበር፣ መስኮቱ አበባዎቹን ያሳይ ነበር። አንድም ሰው ሳይተኛበት አባቴ ብስክሌቶችና ሻንጣዎች አስቀመጠበት። እነ ጋሽ ሰይድ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ሄግ ሄዱ፣ እኛም ከዓመታት በኋላ ለቀን ወጣን፤ አባቴ አሁን አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ውስጥ፣ ሊፍት ባለው ሕንፃ ላይ ብቻውን ይኖራል። እኔ አደግኩ፣ ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት እናት ፖስታ አውጥታ «እስቲ ልጄ፣ ይቺን ምን እንደምትል አንብቢልኝ» ስትለኝ ቸኩያለሁ ብዬ አልፋለሁ፤ ሰዎች ኩራት ይመስላቸዋል።

አምና በብርዱ ወራት ሀያት አጭር መልእክት ላከችልኝ፤ አባቷ ማረፋቸውን። በማግስቱ ኦስዶርፕ ሄጄ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኩት። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠኝም። ከዚያ «እናትሽ ታውቅ ነበር?» አለኝ። «ሳታውቅ አልቀረችም» አልኩት። እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ «ልጅ ነበርሽ» አለ፤ ቀጥሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ፣ «እኔ ግን ልጅ አልነበርኩም። ሰይድን ሃያ ዓመት አውቀው ነበር» አለ። አብረን ለቅሶ እንድንደርስ ለመንኩት። «በምን ፊቴ?» አለኝ።

ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ ከድጃ ሄግ ውስጥ፣ ከሀያት ቤት በሁለት መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው። አርጅታለች፣ ትከሻዋ ጎብጧል። ገና እንደገባሁ አቅፋኝ «አስቱን መስለሻል» ብላ አለቀሰች። ለቅሶ ቤቱ ሰው ሲቀልለት፣ ሀያት ባለችበት፣ የዚያን ቀን ሦስተኛውን አንቀጽ ለጋሽ ሰይድ እንዳላነበብኩላቸው፣ አንብቤልዎታለሁ ያልኩትም ውሸት እንደነበር ነገርኳቸው። ሀያት ተነስታ ወደ ማዕድ ቤት ሄደች፣ እስክወጣ ድረስም አልተመለሰችም። እትዬ ከድጃ ግን እዚያው ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል፣ ትፈታ ነበር።

«መጀመሪያ መጀመሪያ ይምል ነበር» አለችኝ። «ወላሂ አላነበበችልኝም ይል ነበር። እኔ ነኝ የማላምነው። ልጅ ምን ብላ ትዋሻለች እለው ነበር። በኋላ ዝም አለ። በኋላ ደግሞ፣ ሲያረጅ፣ ምናልባት አንብባልኝ እኔ ረስቼው ይሆናል፣ ልጅቷን በከንቱ አሳቀቅኳት፣ ባገኛት አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ ይል ጀመር። በጥፋቱ አዝኖ ነው የሞተው፣ ማርቲዬ።» ቀና ብላ አየችኝና «አሁን ይሄንን ለማን ልንገረው?» አለችኝ። እጇን ስስም አልከለከለችኝም፤ ስወጣ ግን «ደግመሽ ነይ» አላለችኝም።

ከዚያ ወዲህ በኢድ እደውልላታለሁ፣ ታነሳለች፣ ስለ ጤናዋ ትነግረኛለች፣ ሀያት ግን ስልኬን አታነሳም። ያኔ ከእነሱ ቤት ወደ እኛ ቤት ለመምጣት ጫማ መቀየር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ግድግዳ ሁለት ወገን፣ አንዳችን የሌላችንን ሳል የማን እንደሆነ ለይተን የምናውቅ ሰዎች ነበርን። አሁን እኔ ሮተርዳም፣ አባቴ አምስተርዳም፣ እሷ ሄግ ነን፤ ባቡሩ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ በየሩብ ሰዓቱ ይነሳል። አባቴ ጋ በሄድኩ ቁጥር «ከድጃ ደህና ናት?» ይለኛል። «ደህና ናት አባዬ፣ አብረን እንሂድና ጠይቃት» እለዋለሁ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይና «ብርዱ ይውጣና» ይለኛል፤ ፀሐይ በሚያቃጥልበት በበጋም ጠይቄው መልሱ ይኸው ነበር።